ካርታ፣ ውርርድና ሕግ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ላይ ካርታ የማይጫወቱበት ሠፈር ማግኘት ይከብዳል። ባጃጅ ተራ፣ ጀልባ የሚጠበቅበት የጣና ዳር፣ የተማሪዎች ኪራይ ቤት፣ ከሰዓት ጭር የሚል ግሮሰሪ፤ አንዱ ጋ ኮንከር፣ ሌላው ጋ ክሬዚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዳማ ወይም ዶሚኖ አለ። በባዶ የሚጫወትም እምብዛም የለም። የተሸነፈ ማኪያቶ ይከፍላል ወይም ቢራ ያወርዳል። ባሕር ዳር ከነማ ከፋሲል ከነማ ጋር የሚጫወት ከሆነ ደግሞ በግ ድረስ የሚወራረድ አይጠፋም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሮ ችሎት ፊት እንኳ ይወራረዱ ነበር። ተሟጋቾች እሰጥ አገባ ሲገጥሙ በቅሎ ወይም ማር ያስይዛሉ፣ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይገብራል። ዛሬ ችሎት ውስጥ እንዲህ የሚል ቢመጣ ዳኛው ምን እንደሚሉ መገመት ነው።

አሁን ያለውን ሕግ ለመረዳት መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ አብዛኛው ነገር የክልል ጉዳይ አለመሆኑ ነው። የወንጀል ሕጉ የ1996 ዓ.ም. የፌደራል ሕግ ነው፤ ባሕር ዳርም አዋሳም ላይ ያው ነው። ሎተሪን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 535/1999ም እንደዚሁ። እዚህ አዋጅ ላይ ሎተሪ ሲባል አዟሪ የሚይዘው ቲኬት ብቻ አይደለም፤ ሽልማቱ በዕጣ ወይም በዕድል የሚወሰን ጨዋታ ሁሉ ውስጡ ይገባል፤ ቶምቦላው፣ ቢንጎው፣ ስፖርት ውርርዱ። ይህን ለሕዝብ ማቅረብ የሚችለው ፈቃድ ያለው ነው። አንድ ሱቅ «ዕቃ ግዙ፣ ዕጣ ይወጣላችኋል» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ነጋዴ ግን ይህን የሚሰማው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ሲቆም ነው።

ስለዚህ የሕጉ ዓይን በዋናነት የሚያየው አጫዋቹን ነው። አራት ጓደኛሞች ሳሎን ቁጭ ብለው በቡና ቢጫወቱና አንድ ሰው ከጀርባ ክፍል ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የመጣውን ሁሉ እያስገባ፣ ከየዙሩ ለቤቱ እየቆረጠ ቢያድር አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ ያውም ያለ ፈቃድ። ካርታው፣ ገንዘቡ፣ ተጫዋቹም ያው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ማን እንደሚያተርፍበትና በሩ ለማን እንደተከፈተ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ «ዝም ብለን ነው የምንጫወተው» የሚለው መልስ የሚያስኬደው ማንም የማይቆርጥ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ከፖሊሱ ይልቅ ሰው የሚጣላበት ግን ገንዘቡ ላይ ነው። «በልቼው አልከፍልም አለኝ፣ ልክሰሰው?» ይላሉ። ክሰሰው ለማለት ያስቸግራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ግዴታው ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ ከሆነ ውሉ አይጸናም ይላል፤ ከቁማር የመጣ ዕዳ ይዞ በሚቀርብ ሰው ላይ የመጀመሪያው መከራከሪያ የሚሆነው ይኸው ነው። ብልጥ ነን የሚሉ ደግሞ ተሸናፊውን «ተበድሬያለሁ» ብለህ ፈርም ይሉታል። ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ አንቀጽ 2472 ነው። 500 ብር በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ለሁለት ሰው ዓሣ ጉላሽና ለስላሳ ላይበቃ ይችላል፣ ስለዚህ ወረቀቱ የግድ ሆኗል። ግን ወረቀቱ ኖረ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ፈራሚው ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ የካርታ ዕዳ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቼክ የሚጽፉም አሉ፤ ያ ሌላ እሳት ነው። ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል፤ የቀልድ ጨዋታ የነበረው ጣቢያ ያደርሳል።

ዕቁብን ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። አይገናኝም። ዕቁብ ላይ ዕጣው የሚወስነው ተራን ነው፤ ማንም ገንዘቡን አይበላም፣ ሁሉም የጣለውን ያነሳል።

ገበያ አካባቢ «ቀይዋን ያየ!» እያሉ ሦስት ካርታ የሚያገላብጡትም ቁማርተኞች አይደሉም። ቁማር ውስጥ ቢያንስ የማሸነፍ ዕድል አለ። እዚያ ያለው ማታለል ነው፤ «በላሁ!» እያለ የሚጨፍረው የራሳቸው ሰው ነው። አታላይነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው የበሬ መሸጫውን እዚያ ሲያስረክብ ከማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ጨዋታው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌግራም ላይ ቢንጎ አለ፤ መደብ ይጣላል፣ ደራሽ የሚባለው የአሸናፊው ብር ይታያል፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል ይወጣል። ልጆቹ «እርስ በርሳችን ነው» ይሉታል። ግን ከደራሹ ላይ የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ተጫዋቾቹም አይተዋወቁም፤ የጀርባ ክፍሉ ጠረጴዛ ማለት ይህ ነው፣ ግድግዳው ብቻ ነው የጠፋው። ፈቃድ ካለው ቤት ያሸነፈ ሰው ቢያንስ ደረሰኝ አለው፤ ግብርም አለበት። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ የዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ እስከ 1,000 ብር ያለውን ነጻ አድርጎ ነበር።

ሠፈር ውስጥ ደህና የሚሠራው ልማድ ገንዘቡን ለሦስተኛ ሰው አስቀድሞ ማስያዝ ነው፤ ባለ ሱቁ ወይም አስተናጋጇ ትይዛለች፣ ጨዋታው ሲያልቅ ለአሸናፊው ትሰጣለች፣ ጭቅጭቅ የለም። ያዡ ይዞት ከጠፋ ግን ሁለቱም ጣቢያ ይሄዳሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 ላይ እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል አለና ቃላቸውን ይሰጣሉ። መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ግን ገንዘቡ ለምን ተያዘ የሚለውን ነው።