ከባሕር ዳር ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎረቤታችን እትዬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው። እሑድ ቡና ላይ ትኬታቸው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያልተባለ ነገር የለም። ጥቂቱን ላቃና።

«አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር አይደል? አውሮፕላኑም ያንኑ ይበራል።»
አይበርም። 560ው ዓባይ በረሃ ወርዶ እየተጠማዘዘ የሚወጣው የመኪና መንገድ ነው። በአየር ቀጥታ 330 ገደማ ነው። ጎርጎራን አስቡ። ጣናን ቀጥ ብሎ ለሚያቋርጥ ወፍ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኛ ግን በመኪና ሐይቁን ዞረን፣ በአዘዞ በኩል ስንሄድ ከ200 ያልፋል።

«መሬት ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር ቶሎ ይደርሳል።»
ይህን ያለው የሰፈራችን ተማሪ ነው፤ በደንብ ተከራክሯል። ግን አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። አውቶቡስ ውስጥ የገባች ዝንብ መኪናው ስለሄደ ብቻ ከኋላው መስታወት ጋር አትላተምም። ልዩነት የሚያመጣው ነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ፣ ከፍታው ላይ፣ ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

«መሄጃውም መመለሻውም እኩል ነው።»
አይደለም፣ ምክንያቱ ደግሞ ነፋሱ ብቻ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ የመሄጃው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ መመለሻው በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ይገባል።

«መነሻውን ከመድረሻው ቀንስ፣ የበረራው ሰዓት ይወጣል።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። በበጋቸው፣ በእነሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሳ ሰው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ቢደርስ፣ 20 ሰዓት የበረረ ይመስላል። የበረረው 13 ነው።

የባሰው ደግሞ የራሳችን ሰዓት ነው። እትዬ ከባሕር ዳር በሚነሱበት ትኬት ላይ 7:00 ተጽፏል። ምሳቸውን በልተው ሊሄዱ አስበው ነበር! እሱ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የቀኑ 7 ሰዓት ቢሆን 13:00 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ወዲያው ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍንላቸው።

እሳቸው ግን ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። «ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። የየትኛው አገር 9 ሰዓት ልበል?»

ይሄኛውን ለንስሐ አባታቸው ተውኩት።