በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ሁሉ የባቲ ዘፈን ነው?

አይደለም። ባቲና አምባሰል ወሎ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ የቅኝት ስምም ናቸው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ቅኝት ዜማው የሚመላለስባቸው የ5 ድምፆች አደረጃጀት ነው። አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ያ አንጀት የሚበላ ለዛው አንዱ ምንጭ ይሄ ይመስለኛል። ግን የትኛውም አገር ያለ ድምፃዊ ይዘፍንበታል።

ስለዚህ የዘፈኑን አገር ለማወቅ ምቱንና አዘፋፈኑንም አዳምጡ። የጉራጌ ፈጣን ምትና ጭብጨባ ገና ሲጀምር ይለያል። ሰሜን ላይ የተለመደው አንድ አውጪ፣ የቀረው ተቀባይ ነው። ዶርዜዎች ግን የተለያየ ዜማ በአንድ ጊዜ እያደራረቡ ይዘፍናሉ። እሱን ያልሰማችሁ በጣም ብዙ ነገር ቀርቶባችኋል።