ኦቢ ምንድን ነው?

ጃፓኖች በኪሞኖ ላይ ወገባቸውን የሚታጠቁበትን መቀነት «ኦቢ» ይሉታል። ሸክላና ሲዲ የሚሰበስብ ሰው ግን ኦቢ ሲል ጃፓን ውስጥ በታተመ አልበም ሽፋን ላይ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች የሚጠመጠመውን ጠባብ ወረቀት ማለቱ ነው።

ጥቅሙ በደንብ የገባኝ የእንግሊዝ ፖፕ ሙዚቃ ጥንድ በሆኑት በፔት ሾፕ ቦይስ የመጀመሪያ አልበም ነው። ኒል ቴናንትና ክሪስ ሎው እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት «ፕሊዝ» ሽፋኑ ነጭ በነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ የሁለቱ ትንሽዬ ፎቶ ብቻ አለች። ውበቱም እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነብ የቶኪዮ ገዢ ግን ያ ሽፋን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ኦቢው በጃፓንኛ ይናገርለታል፦ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ርዕሱን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ዋጋውን።

እናቶቻችን ብር የሚቋጥሩት በመቀነታቸው ነበር፤ የኦቢም ነገር ከገንዘብ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጃፓኑ አሳታሚ ቶሺባ ኢኤምአይ ያወጣቸው ሲዲዎች መለያ ቁጥር «ሲፒ 32» ብሎ ከጀመረ ዋጋው 3,200 የን ነበር ማለት ነው። በጃፓን የአዲስ አልበም ዋጋ የሚቆረጠው በአሳታሚው ነው፤ መደብሩ እንደፈለገ መቀነስ አይችልም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚገባው ያው አልበም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የጃፓን አሳታሚዎች ገዢው ወደዚያ እንዳይሄድባቸው ተጨማሪ ዘፈን፣ የግጥሞቹን ትርጉም፣ ማብራሪያ ጽሑፍ ይጨምራሉ። ጭማሪውን የሚያበስረውም ኦቢው ነው። የጃፓን ልዩ እትም በሌላ አገር ሰብሳቢ ዘንድ እንዲህ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ግን እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ብዙ ሰው አልበሙን ቤቱ እንዳደረሰ ቀድዶ ይጥለዋል፤ ሸክላው ሲወጣና ሲገባም ጠርዙ ይቀደዳል። ከ30 ዓመት በላይ ሳይቀደድ የቆየ ኦቢ ሳይ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በጥንቃቄ የያዘው የማላውቀው ሰው እጅ ይታየኛል፤ ደስ ይለኛል። ባለ ኦቢው ኦቢ ከሌለው በዋጋ የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋጋ ባለበት ደግሞ ማስመሰል አለ፤ አዲስ የታተመ ኦቢ አሮጌ ሸክላ ላይ ጠምጥሞ የሚሸጥ አይጠፋም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱትና ሥሩን እዩ። ነጭ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ኦቢው ሸፍኖት የኖረው ቦታ ግን ነጭነቱን ይዞ ይቀራል። የቢጫውና የነጩ ድንበር በወረቀቱ ጠርዝ ልክ ከሄደ፣ ሁለቱ አብረው ኖረዋል።