የስርጭት ዳሰሳ ምንድን ነው? የግልገል ዓባይዋ አይጥ

ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና እንስሳት ሲወራ ጉማሬው፣ ዓሣውና ወፉ ይነሳል። አይጥ ማንም አያነሳም። ግን ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ፣ ምንጩ አካባቢ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ተይዛ የማታውቅ አይጥ ነበረችበት። እ.ኤ.አ. በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ያዙ፤ በቀጣዩ ዓመት የሙዚየሙ የእንስሳት ተመራማሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየማት። የሚታወቀው ናሙና ያ ብቻ ነው። ምንጩ ወዳለበት ሰከላ ለጠበል የሚወጣው ሰው ሁሉ በአጠገቧ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አለች ወይስ ጠፍታለች? ይህን የሚመልሰው የስርጭት ዳሰሳ ነው። እንስሳው የት እንዳለ፣ የት ደግሞ ተፈልጎ እንደታጣ ካርታ ላይ ማስፈር ማለት ነው። ስንት እንደሆኑ መቁጠር ሌላ ሥራ ነው።

ማታ ወንዙ ዳር ወጥመድ ይደረደራል። ወጥመዱ አይገድልም፤ እንስሳው ሲገባ በሩ የሚዘጋ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤ በአጃ ተለውሶ ይቀመጣል፣ የደጋው ሌሊት ስለሚበርድ ጥጥም ይጨመራል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይታያል። የተያዘው ይመዘናል፣ ጭራውና የኋላ እግሩ ይለካል፣ ከጆሮው ጫፍ ለዲኤንኤ ትንሽ ተወስዶ ይለቀቃል። የእኛዋ የውሃ አይጥ ስለሆነች ጎተራ ስር ማጥመድ ዋጋ የለውም፣ ወጥመዱ ውሃው ጫፍ ላይ መሆን አለበት። ጉጉት የምትተፋው እንክብል ውስጥም የአይጥ ጥርስና የራስ ቅል ይገኛል። አሁን አሁን ደግሞ የወንዙን ውሃ አጣርቶ የእንስሳውን ዲኤንኤ መፈለግ ይቻላል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ባዶው ወጥመድ ነው። አንድ ሌሊት አጥምዶ ስላጡ ብቻ «የለችም» ማለት አይቻልም፤ ስንት ወጥመድ፣ ስንት ሌሊት፣ በየትኛው ወንዝ ዳር፣ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሁሉ ካልተጻፈ ያ ባዶነት ምንም አይነግረንም። እዚያው ቦታ ደጋግሞ የሄደ ቡድን ግን «ብትኖር ኖሮ የማግኘት ዕድላችን ይህን ያህል ነበር» ብሎ ማስላት ይችላል።

ካርታው የሚሠራው ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ነው። የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች በሚመዘገቡበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ፣ እንስሳው የሚገኝባቸው ካሬዎች ስፋት ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ፣ መኖሪያውም እየተጎዳ ከሄደና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወይም ክፉኛ ተበጣጥሶ የሚኖር ከሆነ፣ እጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ነው ለመባል ይበቃል። አይጧ ሁለት ካሬ ላይ ብቻ ብትገኝ ስፋቱ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

የምንጩ ዙሪያ በግጦሽ ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ ድሮ የተያዘችበትን ቦታ ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም። ዳሩ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ የቀረላቸውን ትንንሽ ገባሮች አንድ በአንድ መውጣት፣ እረኞቹንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ማታ ማታ ውሃ ውስጥ የሚገባ አይጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ።