በሰሜን ሸዋ ፒሲኦኤስ ላለባቸው ሴቶች የሚሰጥ የመውለድ ሕክምና

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ሐኪሞች በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚሉት፣ የሆርሞን መዛባት ነው። እንቁላል በየወሩ በስሎ አይወጣም፤ የወር አበባ ይዘገያል ወይም ለወራት ይጠፋል፤ ፊት ላይ ፀጉርና ብጉር ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው ይገምታል። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ብዙዎችን የሚያስደነግጡ ከረጢቶች ዕጢ አይደሉም፤ እድገታቸው የተቋረጠ እንቁላሎችን የያዙ ናቸውና ተቆርጠው አይወጡም።

በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ፣ ልጅ የዘገየባት ሴት ሳትመረመር «መካን» ትባላለች። ቃሉ ያቆስላል፤ ለፒሲኦኤስ ደግሞ ጨርሶ ስሕተት ነው፣ አብዛኞቹ በሕክምና ይወልዳሉና። ባልም መመርመር አለበት። የዘር ፈሳሹ ሳይታይ ለሚስቱ ብቻ መድኃኒት ማዘዝ የእርሷን ወራት ማባከን ነው።

እንቁላል እንዲወጣ ከሚረዱት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ምርጫ ሌትሮዞል ነው፤ መነሻው የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የወር አበባ በመጣ በ3ኛው ቀን አካባቢ ተጀምሮ ለ5 ቀናት ይወሰዳል። መጠኑ በቀን ከ2.5 ሚሊግራም ይጀምርና እንቁላል ካልወጣ እስከ 7.5 ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ይፋ የሆነ የ750 ሴቶች ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶው፣ ቀድሞ የተለመደውን ክሎሚፊን ከወሰዱት ግን 19.1 በመቶው መውለዳቸውን አሳይቷል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ሊታከል ይችላል፤ ባዶ ሆድ ላይ ስለሚያስቸግር የምትጾም ሴት የምትወስድበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ክብደት የጨመረች ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሱ ብቻውን የወር አበባን ሊመልስ ይችላል።

ክኒን ካልሠራ የሆርሞን መርፌ ወይም በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ) የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። መርፌው መንታ እርግዝናን ስለሚያበዛ በአልትራሳውንድ ክትትል ካልሆነ አይሰጥም። ከሰውነት ውጭ ማዳቀል የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ በመንግሥት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ለደጋግሞ ምልልስ ማረፊያና ስንቅ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ብዙዎች አስቀድመው ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይገባሉ። ጠበሉ መጽናኛ ነው፤ ክኒኑን ግን ማቋረጥ አይገባም። አንድ ዓመት ጠብቁ የሚለው ምክር የወር አበባዋ ለተስተካከለ፣ ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ነው፤ የተዛባባት ሴት ዛሬውኑ የማህፀን ሐኪም ትይ።