ኤሌክትሪክ ብስክሌት በሐዋሳ፦ ሕጉና ጥንቃቄው

ሐዋሳ ሜዳ ናት። እንደ ታቦር ካሉ ተራሮች በቀር የሚያደክም ዳገት ስለሌላት ብስክሌት ለከተማዋ እንግዳ አይደለም፤ ባትሪ የተጫነበትም ከባጃጁ መሀል ገብቶ መንገዱን ለምዷል። ጣጣው የሚመጣው ወረቀቱ ላይ ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ሕጉ የሞተር ተሽከርካሪ የሚለው በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሰውን ነው። እጀታው ሲጠመዘዝ ያለ ፔዳል የሚሮጥ ነገር እንግዲህ ፔዳል ስላለው ብቻ ብስክሌት ነኝ ብሎ አያመልጥም። እንደ ሞተር ሳይክል ሲታይ ሊብሬ፣ ሰሌዳ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለነጂውም የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ይከተላሉ። አንዳንድ ሻጭ «መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም» የሚል የመመሪያ ገጽ ያሳያል። ያ ለአውሮፓ የተጻፈ ነው፤ እዚያ ነፃ የሚሆነው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቋርጥ ብስክሌት ነው።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሻንሲው ቁጥር ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመሪው አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ቆሻሻ ከሸፈነው በጨርቅ ይጠረግ እንጂ አይፋቅ፣ የተፋቀ ቁጥር ምርመራ ላይ ያስጠረጥራል። የሞተሩ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማው መሀል፣ ሞተሩ ሽፋን ላይ ነው። ጎማው ከነሞተሩ ከተቀየረ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም ለውጡን ማስመዝገብ የግድ ነው።

አደጋው የሚብሰው ቻርጀር ላይ ነው። «48 ቮልት» ተብለው የሚሸጡ ባትሪዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። 13 ሴል (ባትሪው ውስጥ ያለው ትንሹ የኃይል ክፍል) በተከታታይ የተያያዘበት የተለመደው ሊትየም ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል፤ 16 ሴል ያለው ሊትየም ብረት ፎስፌት ግን 58.4። የሁለተኛው ቻርጀር የመጀመሪያው ላይ ከተሰካ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አልፎ ወደ 4.5 ይገፋል። የባትሪው መቆጣጠሪያ ካርድ ካላቋረጠው ያብጣል፣ ሊነድም ይችላል። መሰኪያው ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለምና የቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው የመውጫ ቮልቴጅ ይነበብ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል ይበጃል፤ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። በቀትር ፀሐይ ሲነዳ የዋለ ባትሪ ቻርጅ ከመደረጉ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ግቢ የሚጋሩ ተከራዮች መውጫው በር ሥር ቻርጅ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ እሳት ቢነሳ መሸሻው የሚዘጋው በዚያው ነው።

የፍጥነት መገደቢያዋን ሽቦ መንቀል የተለመደ «ማሻሻያ» ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ወደ 45 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ የፍሬን ሸራው ግን ያው ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ሲቆም በአንድ ሰከንድ ድንጋጤ ብቻ 12.5 ሜትር ያልቃል። ሄልሜት ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልተጠበቀ ከራስ ወልቆ ይበራል፤ ሁለት ጣት ብቻ ያሳልፍ። ብስክሌቱ ድምፅ ስለሌለው እግረኛ አይሰማውም፤ ስለዚህ ክላክስና ፍሬቻ ሁሌም የሚሠሩ ይሁኑ።

በክረምት የረጠበ ኮብልስቶን ያንሸራትታል። ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ጎማው እስከ መሀሉ ከሰጠመ ውሃ በሽቦው ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ኃይሉ ተዘግቶ ማያያዣዎቹ ተነቅለው ይድረቁ። በግፊት ውሃ ማጠብም ያንኑ ጉዳት ያመጣል።