ፕሮግራመር ምንድን ነው? ያቺ ቀይ ቁራጭ አይደለችም

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣ። በፌስታል የያዛት ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ ሮቦት ናት። «ጋሼ፣ ቺፑ ተቃጥሏል» አለኝ። ማን አለህ ብዬ ስጠይቀው፣ አንድ «የሚያውቅ» ሰው «ፕሮግራመሩ ደህና ሆኖ ሮቦቷ ፈርምዌር አልቀበል ካለች ቺፑ ሞቷል፣ ጣለውና ሌላ ግዛ» ብሎታል። ፈርምዌር ማለት ቺፑ ውስጥ ተጽፎ ሮቦቷን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራመር ደግሞ እዚህ ሰው ሳይሆን ያን ፕሮግራም ቺፑ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። እስቲ ፕሮግራመሩን አሳየኝ አልኩት። ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ቁራጭ አወጣ። በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው በኩል ስድስት እግር አላት።

ይህን ነገር በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁና ዛሬ ልጻፈው። ያቺ ቁራጭ ፕሮግራመር አይደለችም።

ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የምትቀይር ናት። ብዙ ሰው ኤፍቲዲአይ ይላታል፣ በቺፑ ሠሪ ስም፤ ውስጧ ያለው ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 የሚባል የሌላ ሠሪ ቺፕ ቢሆንም እንኳ። ከኮምፒውተሩ የመጣውን ባይት በአንድ ሽቦ ተራ በተራ ታስተላልፋለች፣ መልሱን በሌላ ሽቦ ታመጣለች። በቃ። ሮቦቷ ቺፕ ውስጥ ስላለው ፍላሽ፣ ፕሮግራሙ ስለሚቀመጥበት ማስታወሻ፣ የምታውቀው ነገር የለም። አንዲት ቢት እንኳ አትጽፍም።

የሚጽፈው ቡትሎደሩ ነው። እሱ ደግሞ ቺፑ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የልጁ ሮቦት ቺፕ አትሜጋ328ፒ 32 ኪሎባይት ፍላሽ አለው፤ ኦፕቲቡት የሚባለው ቡትሎደር ከዚያ ውስጥ የሚይዘው 512 ባይት ብቻ ነው።

እህል ሲገባ አስቡት። አህያዋ ከአዴት ጤፍ ተጭና ደጃፍ ትደርሳለች። ጎታው ግን ያለው ጓዳ ነው፣ አህያ ደግሞ ጓዳ አትገባም። ጆንያውን ተቀብላ ጎታው ውስጥ የምትገለብጠው የቤቱ እማወራ ናት። ቀይዋ ቁራጭ አህያዋ ናት፣ ቡትሎደሩ እማወራዋ። እማወራዋ ቤት ከሌለች አህያ ብትቀይሩ፣ ጠንካራ አህያ ብትገዙ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ጤፉ ደጅ ያድራል።

በሩም መንኳኳት አለበት። ከቀይዋ ቁራጭ ስድስት እግሮች አንዱ ዲቲአር ይባላል። በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል የቺፑን የሪሴት እግር ይነካል፣ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ቡትሎደሩም ለአጭር ጊዜ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሰከንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። በዚያ ጊዜ ማንም ካልጠራው ወደ ድሮው ፕሮግራም ይሄዳል። ዲቲአር ሳይገናኝ ቀርቶ «ቺፑ ሞተ» የተባለ ስንቱን አየሁ! ሽቦው ከሌላችሁ ጭነቱ ሲጀምር የሪሴቱን ቁልፍ በጣታችሁ ተጫኑ። እማወራዋን በስሟ መጥራት ማለት ነው።

እውነተኛው ፕሮግራመር ሌላ ነው። ዩኤስቢኤኤስፒን ውሰዱ። ስድስት ሽቦ አለው፦ ሞሲ፣ ሚሶ፣ ኤስሲኬ፣ ሪሴት፣ ኃይልና ግራውንድ። ሪሴቱን ወደ ታች ይዞ ያቆያል፣ ስለዚህ ቺፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ይተኛል፤ እሱም ፍላሹን ራሱ ይሞላዋል። ጣሪያውን ከፍቶ ጎታው ላይ በቀጥታ እንደሚገለብጥ ሰው ነው። ከፋብሪካ ባዶውን የመጣ አትሜጋ ውስጥ እማወራ ስለሌለች መግቢያው ይህ ነው።

የልጁ ችግር እዚህ ላይ ነበር። ያ ጣሪያ የሚከፍተው ሰውዬ ከመገልበጡ በፊት ጎታውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ያጸዳል። በፕሮግራመር ስትጭኑ መጀመሪያ ቺፑ በሙሉ ይጠፋል፣ ቡትሎደሩም አብሮ። ከወር በፊት አንድ ጓደኛው በዩኤስቢኤኤስፒ ጭኖለት ነበር፤ ሮቦቷም ሠርታለች። ከዚያ ወዲህ በቀይዋ ቁራጭ ሲሞክር ዝም። ቺፑ አልተቃጠለም፣ እማወራዋ ወጥታለች እንጂ።

ስድስቱን ሽቦ አገናኘሁና የቺፑን መለያ ጠየቅሁ። 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ ብሎ መለሰ። ይህ የአትሜጋ328ፒ መለያ ነው፤ የሞተ ቺፕ ስሙን አይናገርም። ልጁ እስክሪኑ ላይ አፍጥጦ «አለ ማለት ነው?» አለኝ። አለ! ቡትሎደሩን መልሼ ጫንኩ፣ ከዚያ ያችው ቀይ ቁራጭ ያለ ምንም ችግር ሠራች። «ጣለው» ያለው ሰው የተማሪ ገንዘብ እያስጣለ መሆኑን ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከአዲስ አበባ አዲስ ቦርድ ማስመጣት ለዚህ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ሰው የተማረው ኢኤስፒ32 በሚባለው ሌላ ቺፕ ከሆነ ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኢኤስፒ32 ቡትሎደር ሮም በሚባል ሊጠፋ በማይችል ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለው። እማወራዋ መቼም ቤት ናት። ቺፑ ሲነሳ ጂፒአይኦ 0 የሚባለውን እግር ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ይበቃል፣ ፕሮግራመር የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ቺፑ በ3.3 ቮልት ነው የሚሠራው፣ አንዳንዷ ቀይ ቁራጭ ውስጥ ያለው ኤፍቲ232አርኤል የሚባለው ቺፕ ደግሞ ከ3.3 እግሩ የሚሰጠው 50 ሚሊአምፐር ብቻ ነው። ዋይፋዩ ሲነሳ ያ አይበቃውም፣ ጭነቱ መሃል ላይ ይቋረጣል። ኃይሉን ከሌላ ምንጭ ስጡት፣ ግራውንዱን ግን አንድ አድርጉ።

ቦርዱን ከመክሰሳችሁ በፊት ገመዱንም እዩ። አንዳንድ የዩኤስቢ ገመድ ለቻርጅ ብቻ ነው፣ የዳታ ሽቦ የለውም። ሮቦቷ ብሉቱዝ ካላት፣ ለምሳሌ ኤችሲ-05 ሲሪያሉ በሚያልፍባቸው ፒን 0 እና 1 ላይ ከተሰካ፣ ንቀሉትና ጫኑ። ሁለት ሰው በአንድ በር እኩል ሲያወራ እማወራዋ ማንንም አትሰማም። በዩኤስቢኤኤስፒ ስትጭኑ ደግሞ ጎማዎቹን ከጠረጴዛው አንሱ። ሞሲና ኤስሲኬ የሚገቡባቸው ፒን 11 እና 13 ሞተሩን ከሚነዳው ቦርድ ጋር ከተያያዙ፣ በጭነቱ ሰዓት ሮቦቷ ድንገት ልትዘል ትችላለች። ፊዩዝ የሚባለውን ቅንብር ደግሞ ሳታውቁ አትንኩ፤ ክሪስታል፣ ለቺፑ የሥራ ምት የሚሰጠው ቁራጭ፣ በሌለው ቦርድ ላይ ክሪስታል አለ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ቺፑ ያን ምት ከውጭ እስኪሰጡት ድረስ ለእውነተኛው ፕሮግራመርም አይመልስም።

ዩኤስቢኤኤስፒ ከሌላችሁ አትጨነቁ። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ካለ፣ አርዱዊኖ አይኤስፒ የሚለውን ምሳሌ ፕሮግራም ጫኑበት፣ ከዚያ በኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሰኩ፣ አሉታዊው እግር ወደ ግራውንድ። ኡኖው ራሱ ፕሮግራመር ይሆናል። የልጁንም ሮቦት ያነሳሁት በዚህ ነው።